ቤተ ክርስቲያን ለፓርቲ ከወገነች በኋላ ስትሰብክ ማን ይሰማታል?

ማለዳ
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጥያቄዬ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ። አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ ካቶሊክ ትሁን ኦርቶዶክስ ትሁን ፕሮቴስታንት ለጊዜው እሱን እንተወው፣ በአደባባይ ለአንድ ፓርቲ ወግና፣ እጩውን መድረኳ ላይ አቁማ ባርካ፣ ምእመኑን እገሌን ካልመረጥክ እምነትህ ያጠራጥራል ብላ፣ ከዛ ያ ፓርቲ ወንበሩን ይዞ ሰው ማሰርና መዋሸት ሲጀምር አይታ እንዳላየች ካለፈች በኋላ፣ ነገ ተነስታ አትዋሹ፣ አትስረቁ፣ ባልንጀራችሁን ውደዱ ስትል በምን አፏ ነው የምትናገረው? ያደግኩባት ቤት ስለሆነች ነው እንዲህ የሚያንገበግበኝ።

ብዙ ሰው ጉዳቱን ሲያነሳ "ግማሹን ምእመን አስቀየመች" ይላል። እሱም እውነት ነው። እኔ ግን ከዛ የሚብስ አለ ባይ ነኝ፤ የገዛ ወዳጇን መገሰጽ ያቅታታል። ጠላትን መንቀፍማ ማን ያቅተዋል። ነቢዩ ናታን ዳዊትን ፊት ለፊት "ያ ሰው አንተ ነህ" ያለው እዛው ቤተ መንግሥት እየገባ እየወጣ ነው፣ ግን አፉ አልተያዘም ነበር። ፓርቲው ሕግ ካወጣላት፣ መሬት ከሰጣት፣ ከፊት ወንበር ካስቀመጣት አፏ ተያዘ ማለት ነው በቃ።

ሩዋንዳን አስቡ። የኪጋሊው ሊቀ ጳጳስ ቪንሰንት ንሴንጊዩምቫ ለዓመታት የገዢው ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ አባል ነበሩ። ሊቀ ጳጳስ ሆነው! እ.ኤ.አ. በ1994 እልቂቱ ሲጀመር ሰው ወደ አብያተ ክርስቲያናት ሸሸ፣ ምክንያቱም በፊት በነበሩት ግጭቶች ቤተ ክርስቲያን የገባ ይተርፍ ነበር፣ የዛን ጊዜ ግን ንታራማ፣ ንያሩቡዬ፣ ሌላም ብዙ ቦታ እዛው መቅደሱ ውስጥ አለቁ። ሊቀ ጳጳሱ አስገደሉ እያልኩ አይደለም፣ እሳቸውም በዛው ዓመት በአማፂው ጦር ወታደሮች ተገድለዋል። ጥያቄዬ ግን አገር ምድሩ ካቶሊክ በነበረበት ቦታ ገዳዩን "ተው" ብሎ የሚያስቆም ድምፅ የት ሄደ ነው። ድምፁ ለዓመታት የፓርቲ ድምፅ ሆኖ ከርሞ በቁርጥ ቀን የእግዚአብሔር ድምፅ ነኝ ቢል ማን ይለየዋል?

እና እንዲህ ያለች ቤተ ክርስቲያን የተከበረ ቃሏን መልሳ ማግኘት ትችላለች ወይ? እስኪ ሐሳባችሁን።

ሮሜ13
ማለዳ ጥያቄሽ ከልብ እንደሆነ ይታያል ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። "ቤተ ክርስቲያን ፖለቲካ ውስጥ አትግባ" የሚለውን ምክር አብዝተው የሚወዱት እኮ ገዢዎች ናቸው። ዝም በይ፣ ጸልዪ፣ ሻማሽን አብሪ፣ እኛ እንግዛ። አማኝ ዜጋ ነው፣ ግብር ይከፍላል፣ ልጁ ጦር ሜዳ ይዘምታል፣ ታዲያ የሚያምንበትን ነገር ሕግ ለማድረግ የሚሠራ ፓርቲ ካለ ለምን አይደግፍም? ፓስተሩስ ለምን አይናገርም? ማርቲን ሉተር ኪንግ ፓስተር ነበር። ዴዝሞንድ ቱቱ ሊቀ ጳጳስ ነበሩ። እነሱ ፖለቲካ ውስጥ ገብተው ክብራቸው ቀነሰ ወይስ ጨመረ? እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ መግባቷ ላይ ሳይሆን ከተሳሳተው ጋር መግባቷ ላይ ነው። ከትክክለኛው ጎን ብትቆም ኖሮ ዛሬ ይሄን አናወራም ነበር።

ታሪክ ወዳድ
ሮሜ13 ወንድሜ ኪንግን ማንሳትህ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ያንተን ሐሳብ ከሚያፈርሱት ዋናው እሱ ነው። ፕሬዝዳንት ሊንደን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1964 የዜጎች መብት ሕጉን፣ በ1965 ደግሞ የመራጮች መብት ሕጉን የፈረመ ሰው ነው። ለኪንግ ከዚህ በላይ ወዳጅ ከየት ይመጣል? ሕዝቡ ለዘመናት ሲለምን የኖረውን የሰጠው ሰው እኮ ነው። ሆኖም ኤፕሪል 4 ቀን 1967 ኒውዮርክ ሪቨርሳይድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ የጆንሰንን የቬትናም ጦርነት በግልጽ አወገዘ። የራሱ ጓዶች ሳይቀሩ "ተው፣ ይሄን ሰው አናስቀይመው፣ የያዝነውን እናጣለን" ብለውታል፣ ጋዜጦች ተረባረቡበት፣ የቤተ መንግሥቱ በር ተዘጋበት። ቢሆንም ተናገረ። ማለዳ ያለችው ይሄን ነው፣ ወዳጅን መገሰጽ። "ትክክለኛው ጎን" የምትለው ጎን ነገ ቬትናም ይዞ ይመጣል፣ የማይሳሳት ፓርቲ በምድር ላይ ስለሌለ።

ስለ ፖለቲካ መናገርና የፓርቲ መሆን ለየቅል ናቸው። ኤል ሳልቫዶር ውስጥ፣ ሳን ሳልቫዶር ላይ ሊቀ ጳጳስ ሮሜሮ ማርች 23 ቀን 1980 ወታደሮቹን በእግዚአብሔር ስም ግድያውን አቁሙ ብለው አዘዙ፣ በማግስቱ ቅዳሴ ላይ እያሉ በጥይት ተገደሉ። ከዚህ በላይ ፖለቲካ የለም። ግን እኚሁ ሰው የግራዎቹን ታጣቂዎች አፈናና ግድያም በስሙ ጠርተው ሲነቅፉ ነበር። ቺሊን ደግሞ እዩ፣ ካርዲናል ሲልቫ ኤንሪኬስ በ1976 የአብሮነት ቢሮ ብለው ያቋቋሙት ተቋም የአምባገነኑ ፒኖሼ ወታደሮች የወሰዱባቸውን ቤተሰቦች ይቀበል ነበር። ከሚመጡት ብዙዎቹ ኮሚኒስቶች፣ እግዚአብሔር የለም የሚሉ ሰዎች ነበሩ። እናት ትመጣለች፣ ልጄ ጠፋ ትላለች፣ ስሙ፣ የተያዘበት ቀን፣ የለበሰው ልብስ፣ የወሰደው መኪና ይመዘገባል፣ ጠበቃ አቤቱታ ይዞላት ፍርድ ቤት ይሄዳል። ትጸልያለሽ ወይ፣ ማንን መረጥሽ ወይ ተብላ አትጠየቅም። ፒኖሼ ከወረደ በኋላ የተቋቋመው የእውነት ኮሚሽን በዛ መዝገብ ነው የተጠቀመው። እንዲህ ያለች ቤተ ክርስቲያን ስትናገር ከሃዲውም ቆሞ ይሰማታል።

ዝምተኛዋ
ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም፣ ይሄን ግን ማለፍ አልቻልኩም።

እኔ ባለሁበት ጉባኤ ምርጫ ሊደርስ ሰሞን አንድ እጩ እሁድ ጠዋት መድረክ ላይ ተጠራ። ሽማግሌዎች ከበው እጅ ጫኑበት፣ ፓስተሩ "ይሄ ሰው የእግዚአብሔር ምርጫ ነው" አለ፣ ጉባኤው አሜን አለ፣ ጭብጨባ ሆነ። መባ የሚሰበስቡ አንድ አባት ነበሩ፣ እኔ ልጅ ሆኜ ጀምሮ የማውቃቸው፣ የሌላኛው ፓርቲ ደጋፊ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ግን ጉዳዬ ብሎት አያውቅም ነበር። ያን ቀን የመባ ከረጢቱን ወንበሩ ላይ አስቀምጠው፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ከረጢቱን ለጎረምሳው ሰጥተው ኋላ ሄደው ተቀመጡ። አልተቆጡም፣ ምንም አላሉም። በሚቀጥለው እሁድ አልመጡም። ፓስተሩ "ዓለም ወዶ ሄደ" አለ።

ያ እጩ አሸነፈ። ከዛ በኋላ በሙስና ስሙ ተነሳ። እኛ ጋ ስለ ሙስና የተሰበከ አንድም ስብከት የለም ከዛ ወዲህ። በፊት ግን ፓስተራችን ስለ ሙስና ሲያስተምር ሰው ያስለቅስ ነበር እኮ። አሁን የትኛውንም ጥቅስ ቢያነሳ ሰው እርስ በርሱ ይተያያል፣ እሱም ያውቃል፣ ስለዚህ ከነዛ ጥቅሶች ይሸሻል። አሞጽን ከሰማሁ ቆየሁ። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5ንም። መጽሐፍ ቅዱሱ ራሱ በእጃችን ላይ እየሳሳ ሄደ ብል ነው የሚቀለኝ፣ ምክንያቱም ወዳጃችንን የሚነካው ገጽ ሁሉ ተዘለለ።

ጥያቄ አለኝ
እኔ አማኝ አይደለሁም በመጀመሪያ ግልጽ ላድርግ። ግን ያደግኩት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ቤተሰቦቼም እዛው ናቸው። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው የሚገርመው ነገር ምን መሰላችሁ፣ ሃይማኖት የሌለው ሰው እንኳን ችግር ሲደርስበት፣ ጎረቤት ሲጣላ፣ አገር ሲታመስ "የሃይማኖት አባቶች ይምጡ" ይላል። እኔም እላለሁ። ያ እምነት ሳይሆን አመኔታ ነው፣ ለእነሱ የሚያተርፉት ነገር የለም ከሚል የመጣ። አንዴ የፓርቲ ካድሬ መሆናቸውን ካየ ግን ያ አመኔታ ይነጥፋል፣ ሽምግልናም ቢመጡ "የማን ተልእኮ ይዘው ነው" ነው የሚባለው። የሚጎዳው ምእመኑ ብቻ አይደለም ለማለት ነው፣ እኛም አስታራቂ አጣን።

ጥያቄዬ፣ ማለዳ መጨረሻ ላይ ወዳነሳሽው ልመለስና፣ መልሶ ማግኘት ይቻላል? ይቅርታ ጠይቀናል የሚል መግለጫ ሲወጣ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፣ ማንም ልብ አይለውም።

የድሮ ዲያቆን
ልጆቼ፣ ዕድሜዬ ስለገፋ ልጆቼ ማለቴን ውደዱልኝ። ሁላችሁም ከሩቅ አገር አመጣችሁ፣ ከቤታችን አንድ ሁለት ልጨምር።

አቡነ ጴጥሮስ በ1928 በኛ አቆጣጠር ፋሺስቶቹ ፊት ሲቀርቡ አርበኞቹን ሽፍታ ናቸው ብለው ቢያወግዙ ነፍሳቸው ትተርፍ ነበር። እምቢ አሉ፣ ተረሸኑ። በዚያው ጊዜ ለወራሪው የገቡ አባቶችም ነበሩ፣ ስማቸውን ማንሳት አልፈልግም፣ በሞቱ ላይ ምን አለኝ። ግን በዚያን ዘመን የቤተ ክርስቲያኒቱን ስም ያቆመላት የሟቹ እምቢታ ነው። በደርግም ጊዜ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተመቻችቶላቸው መንጋዬን ጥዬ አልሄድም አሉ፣ በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። እኔ የእሳቸው ቤተ እምነት ሰው አይደለሁም። ግን ስማቸው ሲነሳ ከመቀመጫዬ ብድግ ብል ደስ ይለኛል። የኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ቀድሞ ከመንበራቸው ተነስተው፣ ታስረው ከቆዩ በኋላ በዚያው ዓመት ተገደሉ። ደርግ ሁለቱንም የፈራቸው መሣሪያ ኖሯቸው መሰላችሁ?

ጥያቄ አለኝ ላልከው ልጄ፣ ይቅርታው ልብ የማይባልበት ምክንያት ኃጢአቱ ስም ስለሌለው ነው። ንስሐ የምታውቅ ቤተ ክርስቲያን ለራሷ ሲሆን "በማወቅም ባለማወቅም" ብላ ታልፋለች። እኛ ለንስሐ ልጅ እንዲህ እንፈቅድለታለን? ምን አደረግህ፣ በማን ላይ፣ የወሰድከውን መልሰሃል ወይ እንለዋለን እንጂ።

ታሪክ ወዳድ
አባ እንዳሉት ነው፣ እኔም ይሄንኑ በታሪክ ላሳያችሁ (ይረዝማል፣ ዓመቶቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ጀርመን። በ1933 የቤተ ክርስቲያን ምርጫ ሲደረግ ሂትለር ራሱ በሬዲዮ "ጀርመን ክርስቲያኖች" ለተባለው ወገን ቀስቅሶ ነበር፣ እነሱም አሸነፉ። በ1934 ባርሜን ላይ የተሰበሰቡት ጥቂቶች ቤተ ክርስቲያን ከክርስቶስ ሌላ ጌታ የላትም ብለው ተቃወሙ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በጥቅምት 1945 ሽቱትጋርት ላይ የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መሪዎች የጥፋተኝነት መግለጫ አወጡ፣ ፓስተር ኒሞለርም አለበት፣ እሱ በናዚዎች ከሰባት ዓመት በላይ ታስሮ የወጣ ሰው ነው፣ ቀድሞ ግን ለናዚ ድምፁን የሰጠ። በበለጠ ድፍረት አልመሰከርንም፣ በበለጠ እውነት አልጸለይንም ዓይነት ነው ይዘቱ። ለዛ ጊዜ ትልቅ ነገር ነበር፣ የራሳቸው ምእመናን ሳይቀሩ ለምን ታዋርዱናላችሁ ብለው ጮኸውባቸዋል። ግን መግለጫው ውስጥ አይሁድ የሚል ቃል የለም። ስድስት ሚሊዮን ሰው አልቆ፣ አንድ ጊዜ እንኳን። እስከ ዛሬ የሚነሳባቸው እሱ ነው።

ደቡብ አፍሪካ። የነጮቹ የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን "ጸሎት ላይ ያለው ናሽናል ፓርቲ" እስከ መባል ደርሳ ነበር። በ1948 አፓርታይድን ይዞ ሥልጣን የያዘው ዲ.ኤፍ. ማላን ራሱ የሷ ቄስ የነበረ ነው። ውስጧ ሆኖ እምቢ ያለው ቤየርስ ናውዴ በ1963 መድረኩን ለቀቀ፣ በ1977 መንግሥት ከሰው እንዳይገናኝ እግድ ጣለበት፣ ሰባት ዓመት። የሷው ልጅ ነው የተገፋው! በ1982 የዓለም የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት አፓርታይድን በሥነ መለኮት መደገፍ ኑፋቄ ነው ብሎ አገዳት። ከዛ ኅዳር 1990 ሩስተንበርግ ላይ የተለያዩ አብያተ ክርስቲያናት ሲሰበሰቡ ፕሮፌሰር ቪሊ ዮንከር ተነስቶ በአፓርታይድ በደረሰው ጉዳት የራሴን ኃጢአት እናዘዛለሁ፣ የቤተ ክርስቲያኔንም እናዘዛለሁ አለ። ቱቱ ተነስተው ተቀበሉ። እዚህ ላይ ነው ልብ በሉልኝ፣ ከጥቁሮቹ ተሰብሳቢዎች አንዳንዶቹ ቱቱን በኛ ስም ይቅር ለማለት ማን ፈቀደልህ አሏቸው። ትክክልም ነበሩ። የተፈናቀለው መሬቱን አላገኘም፣ የሞተው አልተነሳም። ኑዛዜው የበሩ መክፈቻ እንጂ ቤቱ አልነበረም። የጥቁሮቹና የክልሶቹ አብያተ ክርስቲያናት አንድ እንሁን ብለው ያቀረቡላትን የቤልሃር የእምነት መግለጫ መቀበል ለአሥርት ዓመታት ሲያንገራግራት ኖረ።

ስፔን ደግሞ ከሁሉም ታሳዝናለች። በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል ጳጳሳቱ በ1937 በጋራ ደብዳቤ ሪፐብሊኩን ከሚወጋው ከጄኔራል ፍራንኮ ጎን ቆሙ፣ ከዛ በኋላ ለቅዱስ ቁርባን የሚዘረጋው ድባብ ለፍራንኮ ሲዘረጋለት ኖረ። በ1971 ጳጳሳትና ካህናት በጋራ ተሰብስበው "በወንድማማቾች ጦርነት ጊዜ እውነተኛ አስታራቂ ስላልሆንን ይቅርታ እንጠይቃለን" የሚል ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ። አብዛኛው ደገፈ። ሁለት ሦስተኛ ስላልሞላ ወደቀ።

ሮሜ13
ታሪክ ወዳድ ስፔንን ስታነሳ ግማሹን ነው ያነሳኸው፣ ቅር አይበልህ። ከ1936 ጀምሮ በሪፐብሊኩ በኩል ባለው ግዛት ስንት ካህናትና መነኮሳት ተገደሉ? ወደ ሰባት ሺህ የሚጠጉ። ገዳማት ተቃጠሉ፣ መነኮሳት ታረዱ። እነዛ ጳጳሳት ደብዳቤውን ሲጽፉ ሥልጣን ሽተው ብቻ አልነበረም፣ የልጆቻቸው ሬሳ ገና አልደረቀም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። እኛ ሽማግሌዎች አንድ ፓርቲ ስንደግፍ ብዙ ጊዜ ከፍቅር ሳይሆን ከፍርሃት ነው፣ ሌላኛው ከመጣ ይዘጋናል፣ ልጆቻችንን ይነጥቀናል ብለን። ፍርሃቱ ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ይሄን ሳትቆጥሩ "ተሸጣችሁ" ማለት ይከብዳል። እናንተ እኛን ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ማለዳ
ሮሜ13 እውነትህን ነው፣ ፍርሃቱን ዘልዬ ነው የጻፍኩት፣ መዘለል የለበትም። ይሄ እንዲያውም ከጥቅም ይልቅ ብዙ ቦታ ዋናው ምክንያት ይመስለኛል።

ግን እዛው ስፔን ውስጥ የታራጎናው ካርዲናል ቪዳል ኢ ባራኬር አሉ። በ1936 ታጣቂ አናርኪስቶች ይዘዋቸው ነበር፣ የካታሎኒያ መንግሥት ሰዎች ናቸው ከሞት አፍ ያወጧቸው። የሳቸው ካህናት ተገድለዋል፣ ረዳት ጳጳሳቸውም ተገድለዋል። ከማንም በላይ ፍራንኮን ለመደገፍ ምክንያት የነበራቸው ሰው ናቸው። የ1937ቱ ደብዳቤ ሲመጣላቸው አልፈረሙም። ፍራንኮ አሸንፎም ወደ ሀገረ ስብከታቸው እንዲመለሱ አልፈቀደም፣ በ1943 ስዊዘርላንድ በስደት ሞቱ። ማለትም ከሁለቱም ወገን ተገፉ። ፍርሃት እንደሌለባቸው አድርጌ አላስብም። ግን ካህናቱን የገደለውን ወገን ጠልቶ እስረኛ የሚረሽነውን ሌላኛውን ወገን መባረክ ግዴታ አይደለም፣ እሳቸው አላደረጉትማ።

"እናንተ ብትሆኑ" ላልከኝ፣ እኔ ብሆን እፈርም ይሆናል፣ አላውቅም። ግን የፈረመው ሰው በኋላ ምን ያድርግ ነው ጥያቄው። ፈርቼ ነው ብሎ በአደባባይ መናገር ይችላል። "ፈርተን ነበር፣ ስለፈራን እነዚህን ሰዎች አሳልፈን ሰጠን፣ እነሱም እገሌና እገሌ ናቸው" ቢባል እኔ ያንን ቤተ ክርስቲያን እሰማለሁ።

ዝምተኛዋ
የኔ ሐሳብ ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንጻር ትንሽ ነው፣ ግን ሥራ ላይ የሚውል ነው። ካቶሊኮች የ1983ቱ የቀኖና ሕጋቸው ካህን የመንግሥት ሥልጣን እንዳይዝ ይከለክላል፣ ፓርቲ ውስጥ ንቁ ተሳትፎ እንዳያደርግም እንዲሁ። የፓራጓዩ ጳጳስ ፈርናንዶ ሉጎ በ2008 ፕሬዝዳንት ሆኖ ሲመረጥ ክህነቱን ትቶ ነው የገባው፣ ሁለቱን አልያዘም። የኛ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ግን ስለዚህ አንድ መስመር የለም፣ አንብቤዋለሁ። እጩ መድረክ ላይ አይወጣም፣ ሽማግሌ ሆኖ የፓርቲ ሹመት የያዘ ከሁለት አንዱን ይምረጥ፣ ከፖለቲከኛ የተቀበልነው ገንዘብም ይሁን መሬት ለጉባኤ ይነገር። ይሄ ቢጻፍ ምናለ? ቢያንስ ቀጣዩ ፓስተር "ደንቡ አይፈቅድልኝም" ብሎ የሚደገፍበት ነገር ያገኛል፣ ምክንያቱም ብቻውን ሆኖ ሹም እምቢ ማለት ከባድ ነው።

ጥያቄ አለኝ
መሬትና ገንዘቡ ይነገር ያልሽው እኔን አሳመነኝ፣ ዝምተኛዋ። እኔ ብሆን ከመግለጫ ይልቅ እሱን ነው የማየው። ደግሞ ያ መባ የሚሰበስቡት አባት፣ አንድ ሰው ቤታቸው ሄዶ ያውቃል?

ዝምተኛዋ
አልሄድንም። እኔም አልሄድኩም።

የድሮ ዲያቆን
እንግዲያው ልጄ ደንቡ እስኪጻፍ አትጠብቂ። ፓስተሩን ይዘሽ ሂጂ፣ እምቢ ካለሽ ብቻሽን ሂጂ። ስትደርሺም "እንዴት ነዎት፣ ጠፉብን" ብለሽ አታድበስብሺው፤ ያን እሁድ መድረኩ ላይ የተደረገው ጥፋት ነበር፣ "ዓለም ወዶ ሄደ" የተባለውም ውሸት ነበር በያቸው። ይመለሱ አይመለሱ የሳቸው ፈንታ ነው። እንዲመለሱ ብላችሁ ከሄዳችሁማ ያው ለቁጥር ነው የሄዳችሁት።

ሮሜ13
አባቴ ይሄ ለኔም ነው። እኛ ጋ ቅዳሜ የሽማግሌዎች ስብሰባ አለ። የዝምተኛዋን ሦስቱን ነጥቦች ይዤ እገባለሁ፣ የመሬቱ ጉዳይ ያጣላናል፣ ምክንያቱም ካርታው በማን በኩል እንደመጣ የምናውቅ አራት አምስት ሰዎች ብቻ ነን። ፓርቲውን መደገፌን ግን አልተውኩም፣ እንደ ዜጋ ዛሬም እመርጠዋለሁ። ታሪክ ወዳድ፣ የሩስተንበርጉንና የስፔኑን ታሪክ በአጭሩ አድርገህ ብትጽፍልኝ፣ ስብሰባው ላይ ማንበብ እፈልጋለሁ።

ታሪክ ወዳድ
እስከ ዓርብ ማታ አደርስልሃለሁ። የናውዴንም እጨምርበታለሁ፣ ከሽማግሌዎቹ መካከል እምቢ ያለ ሰው ቀድሞ ኖሮ ከሆነ ስሙ እንዲነሳ።